የአቶ ይማም አድራሻ

ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቁጥር እሰጠዋለሁ። ቁጥሩ የመገናኛ በሩ መከፈቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ተከፍቶ አድራሻ ያልታሰረበት በር ማንም አያገኘውም፤ ስለዚህ ቀጥዬ አድራሻ አስርበታለሁ፣ ከዚያም እንዲያዳምጥ አደርገዋለሁ። ሁሉም ከተሳካ ስክሪኔ ላይ «ክፍት፤ ታስሯል፤ በማዳመጥ ላይ» የሚል አረንጓዴ መስመር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ውሃው ይመጣለታል፣ ሥራው ይጠራዋል፣ ሐኪሙ ያገኘዋል። መስመሩ ካልወጣ ግን ደሴ መሃል አስፋልት ላይ ቆሞ እጁን ቢያወዛውዝም የለም።

ይህን ሥራ መስኮት አራት ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። መታወቂያዬ «የግንኙነት መዳረሻ ከፋች ባለሙያ» ይላል። ሰፈሩ የሚያውቀኝ በረኛው በሚለው ስም ነው፤ «በረኛው፣ ዛሬ ስንት ገባብህ?» እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም «አንድም አላለፈኝ» እላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ማስገባትም መከልከልም አልችልም። ሥርዓቱ የሚለውን አነብላቸዋለሁ።

ዘምዘም ይማም የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አርባ ዓመት ግድም ይሆናታል፤ ኮምቦልቻ ያሉ የሽመና ማሽኖችን ቤቷ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት ናት። ጥቁር ሻሽ አስራ ነበር።

«እንዴት አደሩ ጋሼ። የእናቴን በር ላስከፍት ነው።»

«የማን ቤት ነው?»

«የመምህር ይማም አራጋው። አባቴ ነው። ሰኞ ቀበርነው።»

«አላህ ይዘንላቸው» አልኳት። መምህር ይማምን አውቃቸው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ግማሽ ደሴ በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። እኔንም ሁለቴ ጥለውኛል።

ቁጥር ሰጠኋት። አድራሻውን ላስር ስል ቀይ መስመር ወጣ፤ «አድራሻው በሥራ ላይ ነው» ይላል።

አድራሻ የሚሰጠው በጣሪያ ነው፤ አንድ ጣሪያ፣ አንድ አድራሻ። ጦሳ ተራራ ሥር ላሉት ሰፈሮች የተመደበው ካለቀ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለዚህ ሌላ ልስጥሽ ማለት አይቻልም። የሞተ ሰው አድራሻ ደግሞ ወዲያው አይለቀቅም። በሩ ይዘጋል፣ ከዚያም መንገድ ላይ የቀረ መልእክት ካለ ብሎ ይጠብቃል። ሰባ ሁለት ሰዓት ምንም ሳይመጣ ማለፍ አለበት። በመሃል አንዲት ቃል ከመጣች በሩ «ደርሷል» ብሎ ይመልስና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ደንቡን አልጠላውም። ከመውጣቱ በፊት ለሟች የታዘዘ መድኃኒት አድራሻውን ለወረሰ ጨቅላ ተሰጥቶ ያውቃል ሲባል ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ ለዘምዘም ነገርኳት።

«እናቴ የልብ ማገዣ አላት» አለች ስጨርስ።

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። ማገዣው ከእናቷ ከወይዘሮ ሉባባ ደረት ሥር ነው፤ በየማለዳው የቀኑን መጠን የሚያዝለት የሆስፒታሉ የልብ ክፍል ነው። ትእዛዙ ሲመጣ የነበረው ግን በባላቸው በር ነው፤ የዚያ ዘመን ሴቶች ብዙዎቹ በባሎቻቸው በር ነው የተመዘገቡት። ባልየው ሲሞት በሩ ተዘጋ፣ ትእዛዙም ቆመ። ትእዛዝ ያጣ ማገዣ በየቀኑ ራሱን ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ በሃያ አንደኛው ቀን ያቆማል። መመሪያው ላይ «ለታካሚው ደህንነት ሲባል» ይላል። ያ ሐሙስ አራተኛው ቀን ነበር።

«ሆስፒታል አልወሰድሻትም?»

«ወሰድኳት እንጂ። የበር ቁጥሯን አምጪ አሉኝ። የአባቴን ሰጠኋቸው። ‹ታካሚዋ በዚህ በር ነው የተመዘገቡት፣ በሩ ደግሞ የሟች ነው፣ ሟች አንቀበልም› አሉኝ። እሷ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀምጣ እየሰማች።»

«ሞቱን ማነው እንዲህ ፈጥኖ ያስመዘገበው?»

«ቅሬው ነዋ።»

ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የእነዘምዘም ቅሬ በፍጥነቱ በከተማው የታወቀ ነው፤ አስከሬኑ ሳይታጠብ ድንኳን ይተክላል፣ ለፋፊው ወጥቶ ያውጃል፣ ሞቱንም ያስመዘግባል። ሐዘንተኛ በወረቀት መንከራተት የለበትም ባዮች ናቸው። አንድ ቀን ቢቆዩ ኖሮ አድራሻውን ከባል ወደ ሚስት ለማዛወር አራት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኸኛው ግን የሚለቀምም አልሆነም።

ቆጣሪውን አየሁ። ሦስት ደቂቃ ይላል። እየተነጋገርን ሳለ ሁለት ጊዜ ዜሮ ገባ።

«ምንድነው እሱ?» አለችኝ።

«ለቅሶ ነው። ያልሰሙት እየሰሙ እየላኩ ነው።»

ያለኝን አደረግሁላት። ጥያቄዋን በአድራሻው ላይ ተራ አስያዝኩት፤ ሰባ ሁለቱ ሰዓት በሞላ ቅጽበት ማንም ሳይነካው ራሱ ይታሰራል፣ ማዳመጥም ይጀምራል። ከዚያ ለበላዬ ጻፍኩ፤ እሱም ለበላዩ ጻፈ። መልሱ ቅዳሜ መጣ፤ «ደንቡን ይመልከቱ» ይላል። ደግሜ ጻፍኩ። «ቀደም ሲል የተሰጠውን መልስ ይመልከቱ» አሉኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ሦስተኛ ጊዜ አልጻፍኩም።

በስምንተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ዘምዘም የቅሬውን ሰብሳቢ ይዛ መጣች። ጋሽ ሞላልኝ ይባላሉ፤ ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ ከዘራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ቀጭን ሰው ናቸው። ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«እንድሪስ፣ ጥፋቱ የኛ ነው አሉ። ካጠፋንም እኛው እናቃናዋለን። ሰው ለቅሶ መላኩን ካቆመ ይበቃል?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ካቆመ ይበቃል ጋሼ።»

«አይላክ ብለን እናውጃለና!»

ዘምዘም ፊቷ ፈካ ሲል አየሁ። በዚያ ሰዓት ቆጣሪው አርባ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ለቅሶው በራሱ ጊዜ እየበረደ ነበር ማለት ነው። ይህን እያየሁ ማስታወቂያውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ጽሑፌም ጥሩ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የመምህር ይማም አራጋው ቤተሰቦች፣ በአስቸኳይ ምክንያት፣ በመምህሩ አድራሻ የሐዘን መግለጫ እንዳይላክ በትሕትና ይጠይቃሉ።» ጋሽ ሞላልኝ ለቅሬው አባላት ላኩት፣ አባላቱ ለዘመዶቻቸው፣ ዘመዶቻቸው ለቀድሞ ተማሪዎች።

መምህር ይማም መሞታቸውን ያልሰማው ሁሉ በማስታወቂያው ሰማ።

በመጀመሪያው ሰዓት አራት መቶ ስልሳ መልእክት ገባ። እኔ ይዘቱን ማየት አይፈቀድልኝም፤ ዘምዘም ግን ወራሽ ስለሆነች ታነባለች፣ መስኮቱ ላይ ቆማ አነበበችልኝ። «ሳልሰማ ቀርቼ ነው፣ ነፍስ ይማር።» «መላክ ክልክል መሆኑን ባውቅም አንጀቴ አልችል ቢለኝ ነው።» አስቀድመው የላኩት ደግሞ ስለላኩ ይቅርታ ለመጠየቅ ላኩ። አንዱ ተማሪያቸው ከጅቡቲ የማባዣ ሰንጠረዥ ግጥም አድርጎ ልኳል። ዘምዘም እዚህ ላይ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሳቋ ተለወጠባትና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እኔ አፈርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው እንዴት እንደሚገናኝ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ለቅሶ አትድረስ የተባለ ሰው እንደማይቀመጥ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም።

ጋሽ ሞላልኝ ግን አልተቀመጡም። አሥራ ሁለት ሽማግሌ ይዘው በእግር ወጡ። በአካል ሄዶ የሰው መዝጊያ ማንኳኳት ከቀረ ቆይቷል፤ አንዳንዱ ሌባ መስሎት አልከፍትም አለ፣ አንዷ ሴትዮ በመስኮት ውሃ ደፋችባቸው። እነሱ ግን በየደጁ እየቆሙ ተናገሩ። አትላክ አይሉም፤ «ለይማም ነፍስ ስትል ሉባባን አትግደልብን» ነው የሚሉት። ሩቅ ላሉት በየራሳቸው በር በድምፅ ደወሉላቸው። አራት ቀን ፈጀባቸው። የጋሽ ሞላልኝ እግር አብጦ በአንድ ነጠላ ጫማ ሲያነክሱ አየኋቸው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዝም አለ። ቆጣሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአሥር ሰዓት ወደ አሥራ አምስት፣ ከአሥራ አምስት ወደ ሃያ ያለ እንቅፋት ሄደ። ቢሮው ሁሉ ያውቀው ስለነበር መስኮት ሁለትና መስኮት ሦስት ሻይ ይዘው እየመጡ ያያሉ። ሃያ አራት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ዜሮ ገባ።

«የሆነ ያልሰማ አለ» አልን።

በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ፤ ሃያ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። አሥራ አምስተኛውም ቀን ያው ነው። ዘምዘም መልእክቶቹን ማንበብ ካቆመች ሰንብታለች፤ እኔ ላኪው ማን እንደሆነ አይነገረኝም፤ ከየት ጣሪያ እንደተላከ ግን አያለሁ። አየሁት፤ አላመንኩም፤ ደግሜ አየሁት። የተላከው ከመምህር ይማም ቤት ነው።

ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከዘምዘም ጋር ወጣሁ። ወይዘሮ ሉባባ መስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሁለቴ ይተነፍሳሉ። ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ለሰላምታ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

«እማ፣» አለች ዘምዘም አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ «ለአባባ መልእክት ትልኪያለሽ እንዴ?»

«ኧረ እኔ! ሞላልኝ ከለመነኝ ወዲህ ለቅሶ የሚባል ነገር አልላክሁም። ወላሂ።»

«ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ?»

«ዛሬማ፣» አሉ ወይዘሮ ሉባባ፣ «እንዴት አደርክ ነዋ ያልኩት። ለቅሶ አልላክሁም።»

ዘምዘም ወደኔ ዞረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህር ይማም ለሱብሒ ተነሥተው ከሰገዱ በኋላ በእግራቸው ወደ ጦሳ የመውጣት ልማድ ነበራቸው። ወይዘሮ ሉባባ አንድ ሰዓት ላይ ሲነቁ፣ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ጆሯቸው ላይ ባለችው ማውሪያ «እንዴት አደርክ» ይሏቸዋል። አርባ አንድ ዓመት አንድ ቀን ሳያቋርጡ።

«ይመልስልኛል እኮ» አሉኝ እኔን እያዩ።

«ምን ብለው እማማ?»

«‹ደርሷል› ይለኛል። ድሮም ብዙ አያወራም።»

የሚመልሰው ሥርዓቱ መሆኑን አስረዳኋቸው። ስለ ሰባ ሁለቱ ሰዓት፣ ስለ ተራው፣ ስለ ማገዣው፣ በየማለዳው ያቺ አንዲት ቃል ቆጠራውን እንደምታፈርሰው ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «አላበድኩም። ሞቷል፤ እኔ ነኝ ዓይኑን የገጠምኩት። ግን አንድ ሰዓት ላይ ስነቃ አፌ ቀድሞኝ ይሄዳል።» ትንሽ ዐረፉና ጨመሩ፤ «እንግዲህ እሞክራለሁ። ኢንሻ አላህ።»

ረቡዕ ማለዳ ሳይነቁ ዘምዘም ማውሪያዋን ከጆሯቸው አወለቀች። አንድ ሰዓት ላይ ምንም አልመጣም። ቆጣሪው ሃያ አምስት አለ። ሠላሳ አለ። ሐሙስ ጠዋት አርባ ስምንትን ሲያልፍ መስኮት ሦስት ተነሥታ አጨበጨበች። እኔ ምሳ አልወጣሁም። በዘጠኝ ሰዓት ሃምሳ ስድስት ላይ ደረሰ።

ከዚያ ዜሮ ገባ።

ዘምዘም እንደዚያ ቀን ሮጣ መጥታ አታውቅም፤ ተጠያቂ እንደሆነች ሁሉ መስኮቱ ሥር ቆመች።

«እኔ ነኝ ጋሼ። እኔ ነኝ ማውሪያዋን መልሼ ያደረግሁላት።»

«አሥራ ስድስት ሰዓት እኮ ነው የቀረው!» አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

«ሁለት ቀን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። ውሃ ስሰጣት አፏን ዘጋች። ‹ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው እማ፣ ከዚያ ትድኛለሽ› አልኳት። ‹ደርሷል የሚለኝ ከሌለ ድኜ ጠዋት ምን ልሠራ ነው› አለችኝ። ምን ልመልስላት? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመልሳሉ?»

ተራ ያስያዝኩትን ጥያቄ ልሰርዝልሽ ወይ ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ይቆይ። ምናልባት ሐሳቧን ትለውጥ ይሆናል» ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ተለወጠ። ወረቀቱ ላይ ሳይሆን እኔ ዘንድ። ዓርብ ከሌሊት ልብሴ ሳልወጣ፣ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ቆጣሪውን ከቤቴ አየሁ። ዜሮ ገብቶ አምስት ደቂቃ ይላል። እሰይ አልኩ። ለአሥራ አምስት ቀን ዜሮ በገባ ቁጥር ስራገም የነበርኩት ሰውዬ ነኝ እሰይ ያልኩት። ቅዳሜ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ገባ። እሑድ፣ ሃያ አንደኛው ቀን፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ገባ፤ ያችን ሃያ ደቂቃ እንዴት እንዳሳለፍኳት አልናገርም።

ሰኞ አልገባም። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሁለት ሆነ። ቢሮ ገብቼ አምስት ደንበኛ አስተናገድኩ። ቆጣሪው ሃያ ስድስት አለ።

ወይዘሮ ሉባባ እሑድ ከዐሥር ሶላት በኋላ ተኝተው ሳለ ነው ያለፉት። ቅሬው በዚህ ጊዜ አልቸኮለም። ለፋፊ አልወጣም፣ ሞት አልተመዘገበም፤ ሊመዘገብም አይችል፣ በር የሌለውን ሰው ሞት የሚቀበል መዝገብ የለንም። ጋሽ ሞላልኝ ባበጠ እግራቸው እንደገና ከቤት ቤት ዞሩ። ከቀትር በኋላ ስሄድ ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ያን ያህል ሰው በአካል ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ተምሯል። በመምህር ይማም አድራሻ ከመላው ከተማ፣ ከውጭ አገርም ጭምር፣ አንድም ሰው አንዲት ቃል አልላከም።

ጥያቄውን መሰረዝ እችል ነበር። ማክሰኞ ሁለት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሁለቴም መልሼ ዘጋሁት።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴን ስከፍት አረንጓዴው መስመር ወጥቶ ነበር። ወይዘሮ ሉባባ አሊ፤ ክፍት፤ ታስሯል፤ በማዳመጥ ላይ። ከሥሩ የመጀመሪያው ጥሪ ተመዝግቧል፤ ከልብ ክፍል የተላከ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ ላይ። አዲስ የተከፈተ በር ለመጀመሪያ ቀን ከኛ መስኮት ይደመጣል፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲመጣ ድምፁን ሰማሁት። «እንደምን አደሩ ወይዘሮ ሉባባ። የዛሬው መጠንዎ ዝግጁ ነው። እባክዎ ይቀበሉ።» በየሩብ ሰዓቱ ይደውላል።

ዘምዘም በሦስት ሰዓት መጣች። በር ስለተከፈተ አሁን ሞቱን ማስመዝገብ ይቻላል፤ የመከፈቱ መልእክት ለወራሽ ራሱ ይሄዳል፣ እኔ አልጠራኋትም። ቅጹን ሰጠኋት። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀን ሞላች። ፊርማው ላይ ስትደርስ ጥሪው መጣ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

«ስፈርም ይዘጋል?» አለችኝ።

«ይዘጋል።»

«ካልፈረምኩስ? እስከ መቼ ነው የሚጠራት?»

«እስኪመልሱለት ድረስ።»

እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አስቀመጠችው። ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፏል፤ ማንም አላጉረመረመም።

«እንግዲያስ ትንሽ ይጥራት» አለችና ሄዳ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቀጣዩን ሰው ጠራሁና ቁጥር ሰጠሁት።